ጉልበቱ የማን ነው? ከስትሮክ በኋላ በሮቦት ስለመራመድ

እስቲ አንድ ቪዲዮ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንዲት እናት ወገባቸውንና ጭናቸውን በሰፋፊ ቀበቶ ታጥቀው ከላይ በገመድ ተይዘዋል። ሁለቱም እግሮቻቸው ሞተር በተገጠመላቸው የብረት ክንዶች ላይ ታስረዋል። ከሥራቸው ትሬድሚል ይሽከረከራል። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መቷቸው ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። አሁን ግን ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ ይራመዳሉ። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ልጆቻቸው ዕንባቸውን ይጠርጋሉ፣ የማሽኑ ስም ይመጣና ቪዲዮው ያልቃል።

እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ምናልባት እናንተም አይታችሁ ለጓደኛ ልካችሁ ይሆናል። ደስ ይላል፣ አንክድም። ግን እስቲ ሙዚቃውን አጥፉና እንደገና እዩት። አሁን እግሮቹን ተዉአቸውና የእኚህን እናት ፊት እዩ (እማማ እንበላቸው)። ትንፋሻቸው ፈጠን ብሏል? ግንባራቸው ላይ ላብ አለ? ወይስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጥግ እንደተቀመጠ ተሳፋሪ ዘና ብለዋል?

በአማርኛ «ጉልበት» የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጭንና ቅልጥምን የሚያገናኘው መታጠፊያ፣ ሁለተኛው ደግሞ ኃይል፣ አቅም። ሮቦቱ የእማማን ጉልበት ሲያጥፍና ሲዘረጋ በዓይናችን እያየን ነው፤ ይሄ አያጠያይቅም። ለዚያ ሁሉ እርምጃ የወጣው ጉልበትስ የማን ነው? የእሳቸው ነው ወይስ የሞተሩ?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከስትሮክ በኋላ አብዛኛው የእንቅስቃሴ ማገገም የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። በእነዚያ ቀናት እማማ የሚያገኙት የልምምድ ሰዓት የተቆጠረ ነው። ያ ሰዓት ሞተሩ ሲለማመድበት ካለፈ ማንም አይመልስላቸውም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሙግት ይህ ነው፦ እነዚህን ማሽኖች ስንገመግም እርምጃ መቁጠር ለምደናል፤ መለካት ያለብን ግን ታካሚው በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ያዋለውን ልፋት ነው።

ሮቦቱ ለምን ተፈለገ?

ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ኦክስጅን ያጣል፣ ሴሎቹም መሞት ይጀምራሉ። የአንጎላችን ቀኝ ክፍል ግራውን የሰውነታችንን ጎን፣ ግራው ደግሞ ቀኙን ስለሚያዝ፣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አንዱን ጎን ብቻ ያደክማል። ልብ በሉ፦ እግሩ አልተሰበረም፣ ጡንቻውም አልተቆረጠም። የተቋረጠው ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ነው።

ደግነቱ አንጎል የተረፉትን ሴሎች ግንኙነት መልሶ ማደራጀት ይችላል። ይህ ግን ዝም ብሎ አይመጣም፤ ልምምድ ይፈልጋል፣ ያውም ብዙ ልምምድ። መራመድን እንደገና ለመማር መራመድ ያስፈልጋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መቆም የማይችልን ሰው ለማራመድ አንዱ ፊዚዮቴራፒስት ጎንበስ ብሎ የደከመውን እግር እያነሳ ያስቀምጣል፣ ሌላው ወገቡን ይደግፋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከታካሚው እኩል ባለሙያዎቹም ይዝላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት የስትሮክ ታካሚዎች በሕክምና ክፍለ ጊዜ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ቁጭ ብሎ ሲቆጥር፣ መራመድ በሚለማመዱበት ክፍለ ጊዜ በአማካይ 357 እርምጃ ብቻ አገኘ። ይሄ እኮ ብዙዎቻችን ሰፈር ውስጥ ወዳለው ሱቅ ደርሰን ስንመለስ የምንረግጠው ነው።

መሐንዲሶች የገቡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ዙሪክ በሚገኘው የባልግሪስት ሆስፒታል፣ ጌሪ ኮሎምቦ የተባሉ መሐንዲስና ባልደረቦቻቸው የዳሌንና የጉልበትን መታጠፊያ በሞተር የሚያንቀሳቅስ ማሽን ሠሩ። ሎኮማት ይባላል፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከታወቁት የመራመጃ ሮቦቶች አንዱ ነው። በርሊን ውስጥ ደግሞ ሽቴፋን ሄሰ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በሌላ መንገድ ሄዱ፦ እግርን በብረት ከማሰር ይልቅ መርገጫዎቹን ራሳቸውን የሚያንቀሳቅስ ማሽን ሠሩ። ከዚያ በኋላ እንደ ልብስ ታጥቀዋቸው መሬት ላይ የሚራመዱባቸው ሮቦቶችም መጥተዋል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ማሽኑ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ቢያራምዳችሁ በግማሽ ሰዓት 1,000 ሜትር ትሄዳላችሁ። አንድ እርምጃ ግማሽ ሜትር ነው ብንል 2,000 እርምጃ ማለት ነው። ከ357 ጋር አስተያዩት። በቁጥር ከሄድን ሮቦቱ አሸንፏል፣ ጨዋታው አልቋል። ግን በቁጥር ብቻ መሄድ ትክክል ነው ወይ?

ልፋት እንዴት ይለካል?

«ለፋሁ» ማለት ቀላል ነው፤ መለካቱ ግን ዘዴ ይጠይቃል። ተመራማሪዎች በዋናነት ሦስት መንገድ አላቸው።

የመጀመሪያው ኦክስጅን ነው። ጡንቻ ሲሠራ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ታካሚው አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል ይደረግና የገባውና የወጣው አየር ይለካል። ቁጭ ብለን ስናርፍ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችን በደቂቃ 3.5 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን እንጠቀማለን። ይህ መጠን 1 «ሜት» ይባላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ 210 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ጤነኛ ሰው እንደ ወትሮው ሲራመድ 3 ሜት ገደማ ይደርሳል።

ሁለተኛው የልብ ምት ነው። ልፋት ሲጨምር ልብ ይፈጥናል። እዚህ ላይ የሚታየው ከእረፍት ምት እስከ ጣሪያው ያለው ርቀት ነው። አርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ የምትመታ፣ ጣሪያው ደግሞ 150 የሆነ ሰው መካከል ላይ 80 ምት አለው። የዚህ 40 በመቶ 32 ነው፤ 70 ላይ ሲደመር 102 ይሆናል። 70 በመቶው ደግሞ 126 ላይ ያደርሰዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር ከስትሮክ የተረፉ ሰዎች የልብና የትንፋሽ አቅማቸውን ለማሳደግ በዚህ ከ40 እስከ 70 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በቀን ከ20 እስከ 60 ደቂቃ ቢሠሩ ይላል።

ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነው፦ «ምን ያህል ደከመዎት?» ጉናር ቦርግ የተባሉ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ምሁር ለዚህ ከ6 እስከ 20 የሚሄድ መለኪያ አዘጋጁ። 6 ምንም ልፋት የለም ማለት ነው፣ 20 ደግሞ ከዚህ በላይ አልችልም። «ለምን ከ6 ይጀምራል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጎበዞች ናችሁ። ቁጥሩ በ10 ሲባዛ የጤነኛ ጎልማሳን የልብ ምት እንዲጠጋ ታስቦ ነው፦ 6 ማለት 60፣ 20 ማለት 200።

ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ደረጃ በፍጥነት ውጡና ወዲያው ለራሳችሁ ቁጥር ስጡ፤ ከዚያ የእጃችሁን ትርታ ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙ። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል ይቀራረባሉ?

ሲለካ ምን ተገኘ?

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሥራቸውን ቺካጎ ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች የአከርካሪ ነርቭ ጉዳት ደርሶባቸው በከፊል መንቀሳቀስ የሚችሉ ሰዎችን በሁለት መንገድ አራመዱ። አንድ ጊዜ በሮቦት፣ ሌላ ጊዜ በፊዚዮቴራፒስት እጅ ታግዘው፣ ሁለቱንም ትሬድሚል ላይ። ውጤቱ ግልጽ ነበር፦ በሮቦት ሲራመዱ የተጠቀሙት ኦክስጅን ያነሰ ነው። ተመሳሳይ መራመድ፣ ያነሰ ልፋት።

እነዚህ ሰዎች የስትሮክ ታካሚዎች አልነበሩም፤ ይህን መርሳት የለብንም። ነገር ግን ብራሰልስ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ጉዳይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ወደዚያው የሚያዘነብል ነገር አገኙ፦ በሮቦት ታግዞ መራመድ ያለ ሮቦት ከመራመድ ያነሰ ኃይል ሊጠይቅ፣ ልብና ሳንባንም ያነሰ ሊያሠራ ይችላል። «ይችላል» የሚለውን አስምሩበት። የሮቦቱ ዓይነት፣ ፍጥነቱ፣ ከክብደቱ ስንት እጅ በገመድ እንደተያዘ፣ ሮቦቱ ምን ያህል እንደሚገፋ፣ ይህ ሁሉ ውጤቱን ይለውጠዋል።

ታዲያ ለምን እንዲህ ይሆናል? ታካሚዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው? በፍጹም።

አንጎል ቆጣቢ ነው

ከወንድማችሁ ጋር ሆናችሁ ውኃ የሞላ ጀሪካን በሁለት ጎን ይዛችሁ ስትሄዱ አስቡ። እሱ ጠንከር አድርጎ ሲያነሳ የእናንተ እጅ ሳታስቡት ይላላል። «ልለግም» ብላችሁ አልወሰናችሁም። ጀሪካኑ መንገዱን እስከቀጠለ ድረስ አንጎላችሁ ትርፍ ጉልበት የሚያወጣበት ምክንያት አላየም።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሚሠሩት ዴቪድ ራይንከንስማየርና ባልደረቦቻቸው ያሳዩት ይህንኑ ነው። ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች ክንዳቸውን በሚያግዝ ሮቦት ሲለማመዱ፣ ሮቦቱ ስህተታቸውን ሁሉ እያረመ ሲሄድ ሥራውን ቀስ በቀስ ለሮቦቱ ይለቁለታል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት መፍትሔ ደስ ይላል፦ ሮቦቱን «እንዲረሳ» አደረጉት። ስህተቱ ትንሽ ሲሆን ሮቦቱ ድጋፉን በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ድጋፉ ሲቀንስ ክንድየው ወደ ታች ማለት ይጀምራል፤ ያኔ ሰውየው ራሱ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይህ ሥራ ስለ ክንድ ቢሆንም፣ መልእክቱ ለእግርም ይሠራል። አንጎል የሚማረው ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ አርሞ ነው። ስህተቱን ሁሉ ሮቦቱ ከወሰደው ለአንጎል የሚቀረው ምንድን ነው?

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የሞተር እርምጃም እንደዚያው ነው።

ፊት ለፊት ሲወዳደሩ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ኦክስጅንና ስለ አንጎል ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ግን «ሰውየው ከዚያ በኋላ እንዴት ተራመደ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁለት የታወቁ ሙከራዎች አሉ።

ጆርጅ ሆርንቢና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ስትሮክ ከደረሰባቸው 6 ወር ያለፋቸውና መራመድ የሚችሉ 48 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን በሮቦት፣ ሌላው በፊዚዮቴራፒስት እየታገዘ፣ እያንዳንዳቸው 12 ጊዜ ለ30 ደቂቃ ተለማመዱ። በባለሙያ እጅ የታገዙት በመራመድ ፍጥነት የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ባለሙያው የሚያግዘው በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ነው። ታካሚው ከቻለ እጁን ያነሳል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ጆሴፍ ሂድለርና ባልደረቦቻቸው በተለያዩ ማዕከላት ያደረጉትን ሙከራ ይፋ አደረጉ። ስትሮክ ከደረሰባቸው 6 ወር ያልሞላቸው 63 ሰዎች 24 የአንድ ሰዓት ልምምዶችን ጨረሱ። ከፊሉ በሎኮማት፣ ከፊሉ በተለመደው የመራመድ ልምምድ። በፍጥነትም ሆነ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በተሄደው ርቀት የተለመደው ልምምድ በለጠ።

እስቲ ይህን ነገር ደግማችሁ አስቡት። በጣም ውድ፣ ዋጋው መቶ ሺዎች ዶላር የሚደርስ ማሽን በሰው እጅና በአንድ ኮሪደር ተበለጠ። የመጀመሪያዋን ቪዲዮ የሠራው ሰው ይህን ክፍል አላስገባውም።

ለሮቦቱም እንሟገትለት

ትችት ማለት ግን አንዱን ወገን ብቻ መስማት አይደለም። አሁን የሮቦቱን ጠበቃ እንስማ።

ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ትብብር፣ በያን ሜርሆልዝ መሪነት ስለነዚህ ማሽኖች በየጊዜው ግምገማ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 62 ሙከራዎችንና 2,440 ተሳታፊዎችን አካትቷል። ድምዳሜው ሁለት ፊት አለው። ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ ጋር ተደርቦ ማሽኑን ያገኙ ሰዎች ያለ ሰው ድጋፍ የመራመድ ዕድላቸው ጨምሯል። በግምት 8 ሰዎች በዚህ መንገድ ሲታከሙ፣ አለበለዚያ የሰው ድጋፍ ይፈልግ የነበረ 1 ሰው ራሱን ችሎ ይራመዳል። በፍጥነት በኩል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ከሁሉም ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ስትሮክ ከደረሰባቸው ሦስት ወር ያልሞላቸውና ጭራሽ መራመድ የማይችሉት ናቸው።

ይህ ከላይ ካየናቸው ሁለት ሙከራዎች ጋር ይጣላል? አይጣላም። የሆርንቢና የሂድለር ታካሚዎች በተወሰነ ደረጃ መራመድ የሚችሉ ነበሩ። ለእነሱ ምርጫው በሮቦት መራመድ ወይም በራስ እግር መራመድ ነው። ጭራሽ መቆም ለማይችል ሰው ግን ምርጫው በሮቦት መራመድ ወይም አልጋና ወንበር ነው።

ልፋትን ከታካሚው ጣሪያ አንጻር ከለካን ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች የኦክስጅን ጣሪያ ብዙ ጊዜ ከእኩዮቻቸው ግማሽ ገደማ ነው። ሮቦቱ ላይ መራመድ 2 ሜት ይጠይቃል እንበል፣ ለምሳሌ ያህል። ጣሪያው 10 ሜት ለሆነ ጤነኛ ወጣት ይሄ ምንም ነው፤ ከእረፍት በላይ ካለው 9 ሜት አንዱን ብቻ ነው የነካው፣ 11 በመቶ። ጣሪያቸው 3 ሜት ለሆነ እማማ ግን ከ2 ሜት አንዱ ነው፣ 50 በመቶ። ለእሳቸው ያ ሽርሽር የመሰለን ነገር ልምምድ ነው። እያገገሙ ጣሪያቸው 5 ሜት ሲደርስ ግን ያው ማሽን፣ ያው ፍጥነት 25 በመቶ ብቻ ይሆናል። ማሽኑ አልተለወጠም፤ ልምምድ መሆኑ ቀርቶ መጓጓዣ ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄው «ሮቦት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አይደለም። «ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እያለፋ?» ነው።

ላብ ሁሉ ትምህርት አይደለም

ከዚህ ተነስታችሁ «ታዲያ ይልፉ፣ ይላባቸው!» እንዳትሉ። ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ከስትሮክ በኋላ የሚራመድ ሰው ለእያንዳንዷ ሜትር ከጤነኛ ሰው የበለጠ ኃይል ያወጣል። ዳሌውን ከፍ አድርጎ፣ እግሩን በክብ እየወረወረ ስለሚሄድ ነው። ይህ ልፋት አለ፣ ግን ከፊሉ ብክነት ነው። ሮቦቱ ይህን ብክነት ቀንሶ ኦክስጅን ቢያተርፍ ጉዳት አይደለም። ኦክስጅን የሚለካው ጭንብል ጠቃሚውን ልፋት ከሚባክነው ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን አረማመዱንም የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የልብ ምት ይዋሻል። ብዙ የስትሮክ ታካሚዎች ለደም ግፊትና ለልብ የሚወስዱት «ቤታ ብሎከር» የሚባል የመድኃኒት ዓይነት የልብን ምት ዝቅ ያደርጋል። ሰዓቱ ላይ 90 እያያችሁ «ገና ነው» ብትሉ፣ ሰውየው አቅሙን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። መጠየቁም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ስትሮኩ ንግግርን የነካበት ሰው ቁጥር መርጦ መናገር ሊከብደው ይችላል። ሦስቱንም መለኪያዎች አንድ ላይ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ያለ ሐኪም ክትትል ማስለፋት አደጋ አለው። እዚህ የምንለው ስለታሰበበት፣ ስለተለካ ልፋት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

በዚያ በ2006ቱ የቺካጎ ጥናት ውስጥ አንድ ያልነገርናችሁ ነገር አለ። ተሳታፊዎቹ ሮቦቱ ውስጥ እያሉ «የቻላችሁትን ያህል ራሳችሁ ሞክሩ» ሲባሉ ልዩነቱ ጠበበ። አዲስ ሞተር አልተገዛም፣ ሶፍትዌር አልተቀየረም። የተጨመረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከማሽኑ ጎን ቆሞ «አሁን እርስዎ ይግፉት፣ እሱን አይጠብቁት» የሚል ባለሙያ ካለ ያው ማሽን ሌላ ማሽን ይሆናል።

ከቃል በተጨማሪ በዊንጭና በኮምፒውተር የሚስተካከሉ ነገሮችም አሉ። በገመድ የተያዘውን ክብደት መቀነስ። ፍጥነቱን መጨመር። ሮቦቱ የሚገፋበትን ኃይል ዝቅ አድርጎ፣ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲያግዝ ማድረግ። ታካሚው ምን ያህል ራሱ እንደሠራ በስክሪን ማሳየት። እነዚህ አማራጮች ዛሬ ብዙ ማሽኖች ላይ አሉ፤ ጥያቄው ይነኩ ይሆን ወይስ የመጀመሪያው ቀን እንደተስተካከሉ ይቀሩ ይሆን የሚለው ነው።

ልፋት ራሱ ለውጥ እንደሚያመጣ ደግሞ ሮቦት የሌለበት ማስረጃ አለ። ፒርስ ቦይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ሙከራ፣ ስትሮክ ከደረሰባቸው የቆዩ 55 ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ መራመድ ተለማመዱ። ከፊሉ በመካከለኛ ልፋት፣ ከፊሉ እያረፉ በሚመጡ አጫጭርና ጠንካራ ዙሮች። ከ12 ሳምንት በኋላ ጠንከር ያለውን የሠሩት በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ 71 ሜትር ሲጨምር፣ የሌሎቹ 27 ሜትር ጨመረ። ሰዓቱ አንድ ነው፤ የተለየው ልፋቱ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ማሽኖች ለሚሠሩና ለሚሸጡ ሰዎች አንድ ጥያቄ አለን፦ በማስታወቂያችሁ ላይ «2,000 እርምጃ» ብቻ አትጻፉ። ከጎኑ «ታካሚው ከአቅሙ ስንት በመቶውን ተጠቀመ?» የሚለውንም ጻፉልን።

ሮቦት በሌለበት

ይህን የምታነቡት አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ዋሽንግተን ሆናችሁ ይሆናል። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ስትሮክ የደረሰበት ሰው ሊኖር ይችላል። ዋናው አጋላጭ ምክንያት ደም ግፊት ስለሆነ ነገሩ ከማናችንም ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ «ውጭ አገር ቢሄዱ ሮቦት ያራምዳቸው ነበር» የሚል ቁጭት ይመጣል። ቁጭቱ ይገባናል። ግን አንድ ነገር እወቁ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ፓሜላ ደንካንና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ በ408 የስትሮክ ታካሚዎች ላይ ያደረጉትን ሰፊ ሙከራ አሳተሙ። አንዱ ቡድን ክብደቱ ከላይ ተይዞለት ትሬድሚል ላይ ተለማመደ (ሮቦት ሳይሆን በባለሙያዎች እገዛ)። ሌላው ቤቱ ድረስ በሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት ክትትል የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴ ሠራ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለካ አንዱ ከሌላው አልበለጠም፤ በአጠቃላይ ከተሳታፊዎቹ 52 በመቶው የመራመድ አቅማቸው ከፍ ብሎ ነበር። ማሽን ያላገኘ ሁሉ ዕድሉ አመለጠው ማለት አይደለም። የሚያመልጠው ልምምዱን ያላገኘ፣ ወይም አግኝቶ ሌላው የለፋለት ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለኛ ቤት በተለይ ይሠራል። እኛ የታመመ ሰው ስንወድ አናስነካውም። ውኃ እናቀርባለን፣ ደግፈን እናነሳለን፣ «እርስዎ ይቀመጡ» እንላለን። ፍቅር ነው። ግን ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ «ይሞክሩ» ካለ፣ እኛም ሳናውቀው ያ ሁሉን የሚያደርግ ሮቦት ልንሆን እንችላለን። አጠገባቸው ቁሙ፣ እንዳይወድቁ እጃችሁን አዘጋጁ። ከወንበሩ ሲነሱ ግን ትንሽ ጠብቋቸው። እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ብታዩም፣ ከቻሉ ራሳቸው ይነሱ።

ወደ ቪዲዮው እንመለስ። እማማ አሁንም ትሬድሚሉ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሲላክላችሁ ከማጋራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከክብደታቸው ስንቱ በገመዱ ተይዟል? ሮቦቱ የሚገፋው ሁልጊዜ ነው ወይስ ሲያስፈልግ ብቻ? እሳቸውን ማንስ «ምን ያህል ደከመዎት?» ብሎ ጠየቃቸው? መልሱ ከሌለ ያያችሁት የማሽኑን አረማመድ ነው። የእማማን ገና አላያችሁም።